ያገዝነው መስሎን የጫንንበት

እ.ኤ.አ. በ2022 የጥቅምት ወር፣ የሲያትል ዝናብ የክረምቱን ሥራ በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ደብዳቤ አረቀቅሁ። ደብዳቤው በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል ለሚገኝ አንድ አነስተኛ የማኅበረሰብ መዝገብ ቤት የሥራ አመራር ቦርድ የተጻፈ ነበር። ሰርቨሩ ከአቅሙ በላይ ስለ ተጨናነቀ አዲስ መግዣ 6,000 ዶላር ከአባላት ይሰብሰብ ይላል። ምክንያቶቹ በቅደም ተከተል ተቀምጠዋል፤ ሠንጠረዥም ተያይዟል። በኮምፒውተር ሥርዓት አስተዳደር ሥራ ብዙ ዓመት የቆየሁ በመሆኔ ከቦርዱ አባላት መካከል የሚሞግተኝ እንደማይኖር አውቅ ነበር። ደብዳቤው ግን ስሕተት ነበር። ማሽኑ አቅም አላነሰውም። ያደከመው እኔ ራሴ ከሰባት ወር በፊት ላግዘው ብዬ የጨመርኩለት ዕቃ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ስሕተቱ እንዴት እንደ ተፈጠረ፣ ለምን ያን ያህል ጊዜ ተሰውሮ እንደ ቆየና በምን መንገድ እንደ ተገኘ ይተርካል። ቴክኒካዊ ዝርዝር አለበት። ዝርዝሩን ያልዘለልኩት፣ ለሌላው ሥራችን የሚጠቅመው ትምህርት እዚያው ዝርዝሩ ውስጥ ስላለ ነው።

መዝገብ ቤቱና ስጦታው

መዝገብ ቤቱ ሁለት ክፍሎች፣ ጥቂት የካሴት ማጫወቻዎች፣ ሁለት ስካነሮችና ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ አንድ ሰርቨር አሉት። የያዘው ግን የአንድ ትውልድ ትዝታ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በፊት ለትምህርት የመጡ ተማሪዎች ያሳተሟቸው መጽሔቶች አሉ። እ.ኤ.አ. የ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ በሱዳን በኩል አልፈው እዚህ የደረሱ ቤተሰቦች ከአገር ቤት የተላኩላቸው፣ በካሴት የተቀረጹ ደብዳቤዎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ዕድሮች ቃለ ጉባኤዎች፣ የሠርግና የክርስትና ፎቶግራፎችም አሉ። ካሴት ዕድሜ አለው፤ ድምፁ ያለበት ሽፋን እየረገፈ ይሄዳል። በፎቶግራፉ ላይ ማን ማን እንደ ሆነ የሚያውቁት ሰዎችም ዕድሜ አላቸው። በጎ ፈቃደኞቹ ከሥራ መልስ የሚያገኙት ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። ከዚያ ላይ አንዱን ሰዓት ማሽን ሲጠብቁ ካሳለፉት፣ ያ ሰዓት ያልተገለበጠ ካሴት ወይም ሳይጠየቁ ያለፉ ሽማግሌ ማለት ነው።

ሥራውን የሚመሩት ቀድሞ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ሠርተው አሁን ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ሁላችንም «እትዬ» እያልን እንጠራቸዋለን። በ2022 መጋቢት ወር ካታሎጉ ውስጥ ፍለጋ ሲደረግ ማሽኑ እንደሚዘገይ ነገሩኝ። መፍትሔው ወዲያው ታየኝ፤ 500 ጊጋባይት የሚይዝ አንድ ፈጣን ኤስኤስዲ ገዝቶ የሃርድ ዲስኮቹ መሸጎጫ እንዲሆን ማድረግ። ዋጋው 300 ዶላር ገደማ ነበር። ከአንድ የእሑድ ቡና በኋላ በአምስትና በአሥር ዶላር ተዋጣ። ዕቃውን ገጠምኩት፤ ፍለጋውም በሚቀጥለው ቀን የፈጠነ መሰለን፤ ተመሰገንኩ።

መሸጎጫ ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ላስረዳ። ሰርቨሩ መረጃውን የሚያደራጀው ዜድኤፍኤስ በተባለ የፋይል ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት በሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ ጄፍ ቦንዊክና ማቲው አረንስ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሠሩት ሲሆን፣ በ2005 ከሶላሪስ ጋር ተዋሕዶ ለሕዝብ ቀረበ። በኋላም የሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ለሊኑክስ እንዲስማማ አደረጉት። ሥርዓቱ በቅርብ የተነበቡትንና አዘውትረው የሚነበቡትን መረጃዎች በዋናው ሚሞሪ፣ ማለትም በራም ውስጥ ይይዛል፤ ይህ የመጀመሪያው መሸጎጫ «አርክ» ይባላል። ስልቱ የተወሰደው የአይቢኤም ተመራማሪዎቹ ኒምሮድ መጊዶና ዳርመንድራ ሞዳ በ2003 ካቀረቡት ጥናት ነው። ራም ፈጣን ቢሆንም ውድና ጥቂት ነው። ስለዚህ ብሬንዳን ግሬግ የተባለ መሐንዲስ በሰን ሳለ ሁለተኛ ደረጃ መሸጎጫ ሠራ፤ ከራም ሊወጣ የተቃረበውን መረጃ ቅጂ በኤስኤስዲ ላይ የሚያቆይ ነው። «ኤል ቱ አርክ» ይባላል። ራምን እንደ ጠረጴዛ፣ ሃርድ ዲስኮቹን እንደ ሩቅ ግምጃ ቤት ብንወስዳቸው፣ ሁለተኛው መሸጎጫ ከጠረጴዛው አጠገብ የቆመ መደርደሪያ ነው። እኔ ያቆምኩት መደርደሪያ ይህ ነበር።

ሕመሙና የተሳሳቱት ግምቶች

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሌላ ዓይነት አቤቱታ መጣ። አሁን ዘገየ ብቻ አልነበረም፤ አንዳንድ ምሽት ማሽኑ እስከ መቆም ይደርስ ነበር። ከቤቴ ሆኜ ስገባ ፕሮሰሰሩ ከ80 በመቶ በላይ ተይዞ አገኘዋለሁ፤ ካታሎጉን የሚጠቀሙት ግን ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። አጥፍቼ ሳስነሳው ሁሉም ነገር ይስተካከላል። አሥር ቀን ያህል ደኅና ይሰነብታል። ከዚያ እንደ ገና ይታመማል።

የመጀመሪያው ግምቴ የፍለጋ ሮቦቶች ካታሎጉን ከውጭ እያጨናነቁት ነው የሚል ነበር፤ ዘጋኋቸው፤ ለውጥ የለም። ሁለተኛው ግምቴ ካታሎጉ የሚሠራበት ቨርቹዋል ማሽን ሚሞሪ ያፈስሳል የሚል ነበር። ይህ አሳማኝ ይመስላል፤ አጥፍቶ ማስነሣት የሚፈውሰው፣ ቀስ በቀስ እየባሰ የሚመለስ ሕመም ዘወትር እንዲህ ያለ መንሥኤ ያለው ነውና። ስለዚህ እሑድ እሑድ ማታ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ እንዲነሣ አደረግሁ። ሕመሙ አልዳነም፤ ተደበቀ እንጂ። ምልክቱን ስሸፍነው መንሥኤውን የምፈልግበት ምክንያት ጠፋ። በጎ ፈቃደኞቹ ሥራ ሲበዛባቸው ግን አንድ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ችግሩ ይመለስ ጀመር። ያን ጊዜ ነው ሦስተኛው ግምት፣ ማለትም «ማሽኑ አቅም አንሶታል» የሚለው የመጣውና ደብዳቤው የተረቀቀው።

የምኖርበት ከተማ ለዚህ ግምት የተመቸ ነው። ሲያትል አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 የኮምፒውተር አቅምን በሰዓት ማከራየት የጀመረባት ከተማ ናት። ብዙዎቻችን እንጀራችንን የምንበላው በዚህ ኢንዱስትሪ ዙሪያ ነው። በሥራ ቦታችን አንድ አገልግሎት ሲዘገይ ቀዳሚው ጥያቄ «ምን እንጨምርለት?» ነው፤ መጨመር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነውና። ልማዱ የእኛ ሙያ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥናትም አለ። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች አንድን ነገር እንዲያሻሽሉ ሲጠየቁ የሚታያቸው በአመዛኙ የሚጨምሩት ነገር እንደ ሆነ፣ መቀነስ የተሻለ በሚሆንበት ቦታ እንኳ መቀነስ ወደ አእምሯቸው እንደማይመጣ አሳይተዋል።

የዕለት መዝገቡ

ደብዳቤውን ለቦርዱ ከመላኬ በፊት ለእትዬ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ከመሳቢያቸው አንድ የትምህርት ቤት ደብተር አወጡ። ከ2021 ጀምሮ ማሽኑ እንዴት እንደ ዋለ በየዕለቱ በአንድ መስመር ጽፈውበታል። ይህን እንዲያደርጉ ማንም አልነገራቸውም፤ የመዝገብ ክፍል ልማድ ነው። «ዘገየ፤ ሠራን።» «ዘገየ፤ ሠራን።» እንዲህ እያለ እስከ መጋቢት 2022 ይሄዳል። ከዚያ በኋላ መልኩ ይለወጣል፤ ጥቂት ቀን «ደኅና»፣ ጥቂት ቀን «ከበደ»፣ ከዚያ «ቆመ፤ ወደ ቤት ሄድን»።

«ልጄ፣ ያቺ ዕቃ ከገባች ወዲህ እኮ ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ እሷማ የምታግዘው ናት» አልኳቸው።

መልሴን ዛሬ ሳስበው ያፍረኛል። በሥራዬ ላይ ማንም ጀማሪ አንድ ችግር ይዞ ሲመጣ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ምን ተለወጠ?» የሚል ነው። እዚህ ግን ጥያቄውን ሌላ ሰው በደብተር ጽፎ፣ መልሱንም ጨምሮ ሲያቀርብልኝ አልሰማሁም። ዕቃዋ በእኔ አእምሮ «መፍትሔ» የሚል ስም ስለ ተሰጣት ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ አልገባችም። ሌላም ምክንያት ነበር፤ የሕዝብ መዋጮ ናት፤ ያስመሰገነችኝም እሷ ናት። ሰው ያስመሰገነውን ነገር ለመመርመር አይቸኩልም።

ሆኖም ደብተሩን ፎቶ አንሥቼ ወደ ቤት ሄድኩ። የእሑዱን ራስ ሰር ማስነሣት አቆምኩና ሕመሙ እስኪመለስ ጠበቅሁ።

ፕሮሰሰሩ ማንን እያገለገለ ነው?

«ፕሮሰሰሩ ተጨናንቋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ምንም አይናገርም። ጥያቄው ማን ነው ያጨናነቀው የሚለው ነው። ቶፕ የተባለው የሊኑክስ መሣሪያ የፕሮሰሰሩን ጊዜ ከፋፍሎ ያሳያል፤ ለተጠቃሚዎች ፕሮግራሞች የዋለው፣ ለሥርዓተ ክወናው እምብርት ማለትም ለከርነሉ የዋለውና ዲስክ በመጠበቅ ያለፈው ተለያይተው ይቀመጣሉ። እኔ ለወራት የተመለከትኩት ድምሩን ነበር። ተከፋፍሎ ሲታይ፣ የተጠቃሚዎቹ ድርሻ 10 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ዲስክ በመጠበቅ ያለፈውም ትንሽ ነው፤ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነውን የያዘው ከርነሉ ራሱ ነው። ማሽኑ ሰዎችን እያገለገለ አልደከመም። የደከመው ራሱን በማስተዳደር ነው።

ከዚያ ፐርፍ በተባለው መሣሪያ ከርነሉ ጊዜውን በየትኛው ሥራ ላይ እንደሚያጠፋ አየሁ። በዝርዝሩ አናት ላይ የቆሙት «አርክ ፕሩን» የሚባለው ሂደትና ዘመዶቹ ነበሩ፤ ሥራቸው የመጀመሪያው መሸጎጫ ሲሞላ ቦታ ማስለቀቅ ነው። በመጨረሻም የመሸጎጫውን የሒሳብ መግለጫ ከፈትኩ። እዚያ አንድ መስመር ላይ፣ ለወራት በፊቴ የነበረው መልስ ተጽፏል፤ የሁለተኛው መሸጎጫ ራስጌዎች ከ5 ጊጋባይት በላይ ራም ይዘዋል።

ራስጌ ማለት እንዲህ ነው። በኤስኤስዲው ላይ የተቀመጠ እያንዳንዱ ብሎክ የት እንዳለ የሚያመለክት አጭር ማስታወሻ ያስፈልገዋል፤ ማስታወሻው የሚቀመጠው ግን በኤስኤስዲው ላይ አይደለም፤ በራም ውስጥ ነው። ሥርዓቱ እያንዳንዱን ጥያቄ በፍጥነት ለመመለስ ዝርዝሩን በእጁ መያዝ አለበት። መደርደሪያው ከጠረጴዛው ውጭ ይቆማል፤ የመደርደሪያው መዝገብ ግን ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል።

አንዱ ማስታወሻ ትንሽ ነው፤ ወደ 100 ባይት ገደማ ቢሆን ነው። ችግሩ ብዛቱ ነው። ፋይሎች በተለመደው የ128 ኪሎባይት ብሎክ ቢቀመጡ ኖሮ፣ 500 ጊጋባይት የሚይዘው ከ4 ሚሊዮን ያነሰ ብሎክ ነው፤ ማስታወሻዎቹም ከ400 ሜጋባይት አያልፉም ነበር። የመዝገብ ቤቱ ካታሎግና የተቃኙት ፎቶግራፎች ግን የተቀመጡት በቨርቹዋል ማሽኑ ዲስክ ውስጥ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ሥርዓቱ ለእንዲህ ያለ ዲስክ በነባሪነት የሚሰጠው የብሎክ መጠን 8 ኪሎባይት ነበር። 500 ጊጋባይት ለ8 ኪሎባይት ሲካፈል 61 ሚሊዮን ብሎክ ይሆናል። 61 ሚሊዮን ማስታወሻ ደግሞ ወደ 6 ጊጋባይት ራም ይጠጋል።

ሰርቨሩ ያለው ራም 16 ጊጋባይት ነው። በነበረን የሥርዓቱ እትም፣ የመጀመሪያው መሸጎጫ ካልተነገረው በቀር ከራሙ ግማሹን፣ ማለትም 8 ጊጋባይት ይወስዳል። ከዚያም ውስጥ ለማስታወሻዎችና ለመሰል የአስተዳደር መረጃዎች የተፈቀደው ጣሪያ 75 በመቶ፣ ማለትም 6 ጊጋባይት ነው። የመደርደሪያው መዝገብ ብቻውን ጣሪያውን ሊነካ ደረሰ። የፋይሎቹ የራሳቸው አስተዳደራዊ መረጃ ሲጨመርበት ጣሪያው ታለፈ።

ፕሮሰሰሩን የበላው የሚቀጥለው እርምጃ ነው። ጣሪያው ሲታለፍ ቦታ አስለቃቂው ይጠራል፤ ከርነሉ የያዛቸውን የፋይል መዝገቦች እንዲለቅ ይጠይቃል፤ ጥቂት ያገኛል፤ አልበቃም፤ እንደ ገና ይጠይቃል። ሥርዓቱ ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ይህን ዙር እስከ 4,096 ጊዜ ሊደጋግመው ይችላል። ቦታውን የያዙት የመደርደሪያው ማስታወሻዎች ግን በዚያ መንገድ የሚለቀቁ አይደሉም። ሠራተኛው በሌለበት ቦታ እየፈለገ ይዞራል። የምናየው ሙቀትና ድካም የዚህ ፍሬ አልባ ፍለጋ ዋጋ ነበር።

የአሥር ቀኑ ምሥጢርም በዚሁ ተፈታ። መሸጎጫው በአንድ ጊዜ አይሞላም፤ በነባሪው ቅንብር በሰከንድ 8 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው የሚጻፍበት። ሳያቋርጥ ቢጻፍበት እንኳ 500 ጊጋባይት ለመሙላት ከ17 ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ በምሽት ሦስት ሰዓት ለሚሠራ ቤት ይህ ብቻውን ወደ ሳምንት ይጠጋል። ዕቃው በተገጠመ ማግሥት ጉዳት ያልታየው ገና ባዶ ስለነበረ ነው። አጥፍቶ ማስነሣት የፈወሰውም በዚያ እትም ማሽኑ ሲጠፋ የሁለተኛው መሸጎጫ ዝርዝር ተሰርዞ ከባዶ ስለሚጀምር ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የወጡት እትሞች ዝርዝሩን ማሽኑ ሲነሣ መልሰው ያነሡታል፤ በእነሱ ላይ ቢሆን ኖሮ ሕመሙ ሳይሸሸግ ቶሎ በታየ ነበር። በኋላ በ2023 በወጣው 2.2 በተባለው እትም ደግሞ ያ የ75 በመቶ ጣሪያ ራሱ ተነሥቶ በሌላ አሠራር ተተክቷል።

አንድ ቁጥር ቀርቶ ነበር። ያ ሁሉ ዋጋ የተከፈለበት መደርደሪያ ምን ያህል አገለገለ? ራም ውስጥ ካልተገኙት ጥያቄዎች ሁለተኛው መሸጎጫ የመለሰው ከ100 አራቱን ብቻ ነበር። የሚፈለገው ከጥንቱም በአብዛኛው ራም ውስጥ ይገኝ ነበር፤ እኛ ግን ለመደርደሪያው መዝገብ ስንል ራሙን አጣበብነው። ፍለጋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የፈጠነ የመሰለን ማሽኑ ዕቃው ሲገጠም ጠፍቶ ስለ ተነሣ፣ ምናልባትም እንዲፈጥን ስለ ፈለግን ነው።

ማንሣትና መጠበቅ

መልካሙ ነገር፣ ሁለተኛው መሸጎጫ የያዘው ቅጂ ብቻ ስለሆነ ማሽኑ እየሠራ ሳለ በአንድ ትእዛዝ ማንሣት ይቻላል፤ የሚጠፋ መረጃ የለም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከእትዬ ጎን ተቀምጬ አነሣሁት። የራስጌዎቹ ቁጥር ወደ ዜሮ ወረደ፤ የከርነሉ ድርሻ ከ70 በመቶ ወደ 4 በመቶ ወረደ። እትዬ «በቃ ዳነ?» አሉ። አላልኩም። አጥፍቶ ማስነሣትም እኮ እንዲሁ አንድ ጥሩ ጠዋት ይሰጠን ነበር። ሕመሙ በአሥር ቀን የሚመለስ ከሆነ መዳኑን የሚያረጋግጠው ከአሥር ቀን ያለፈ ጤና ነው። ሦስት ሳምንት ጠበቅን፤ ማሽኑን አላስነሣነውም። ደብተሩ ላይ «ደኅና» የሚለው ቃል ሃያ አንድ ጊዜ ተደገመ።

ሌሎች መፍትሔዎችም ነበሩ። ለቨርቹዋል ማሽኑ ዲስክ ሁለተኛውን መሸጎጫ መከልከል፣ የብሎኩን መጠን ከፍ አድርጎ ዲስኩን እንደ ገና መሥራት፣ ወይም ኤስኤስዲውን በጥቂቱ ብቻ መጠቀም ይቻል ነበር። ሁለተኛው መሸጎጫ በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ብዙ ራምና ትልልቅ ብሎኮች ባሉበት፣ የሚነበበውም ነገር ከራም የሚተርፍ በሆነበት ቦታ ጥሩ ያገለግላል። የእኔ ስሕተት ዕቃውን መምረጤ ሳይሆን፣ ዕቃው ከሚቀበለው ቤት ምን እንደሚወስድ አስቀድሜ አለማስላቴ ነው። ስሌቱ ከላይ የጻፍኳት አንዲት ማካፈልና አንዲት ማባዛት ናት። አምስት ደቂቃ አትፈጅም።

መዝገቡ የሚቀመጠው የት ነው?

ይህን ለሙያ ባልደረቦቼ ሳይሆን ለእናንተ የምጽፈው፣ ብዙዎቻችሁ ከአገር ቤት ተቋማት ጋር የሚያገናኝ ሥራ ስላላችሁ ወይም ስለምትመኙ ነው። በየማኅበሩ የምንጠይቀው ጥያቄ «ምን ይጎድላቸዋል?» የሚል ነው፤ ከዚያ የጎደለውን እንልካለን። ከሰርቨሩ የተማርኩት ጥያቄ ሌላ ነው። የምንልከው ነገር መዝገብ ያስፈልገዋል፤ ያ መዝገብ የሚቀመጠው የት ነው?

ኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ በትልቁ ጠይቃው ታውቃለች። በሺህ ሁለት ሺዎቹ የፈረንጅ ዓመታት ለጤናው ዘርፍ የሚመጣው የውጭ ገንዘብ ሲበዛ፣ እያንዳንዱ ለጋሽ የራሱን ዕቅድ፣ የራሱን የሒሳብ አያያዝና የራሱን የሪፖርት ቅጽ ይዞ መጣ። ገንዘቡ አዲስ ነበር። ቅጹን የሚሞሉት ሰዎች ግን አዲስ አልነበሩም፤ በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ከቀድሞው ያሉት ጥቂት ባለሙያዎች ናቸው። እጅግ የሚያንሰው ሀብት የእነሱ ጊዜ ነበር፤ መዝገቡም የተቀመጠው በዚያው ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የፓሪስ ድንጋጌ ለጋሾች አሠራራቸውን ከተቀባዩ አገር ሥርዓት ጋር እንዲያጣጥሙ ሲጠይቅ፣ የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» በሚል መርሕ ያዘው። በነሐሴ 2008 ኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የጤና አጋርነት ሥር ከልማት አጋሮች ጋር የጋራ ውል በመፈረም ከአገሮች ሁሉ ቀዳሚዋ ሆነች፤ ፈቃደኛ የሆኑ ለጋሾችም ገንዘባቸውን በአንድ የጋራ ፈንድ አሰባሰቡ። ሁሉም አልገቡበትም፤ አንዳንድ ትልልቅ ለጋሾች በራሳቸው መንገድ ቀጠሉ። መርሑ ግን የገንዘቡን መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ገንዘቡ የሚያስከትለውን የማስታወሻ ብዛት ይመለከት ነበር። በሰርቨሩ ቋንቋ፣ ብሎኮቹን ትልልቅ ማድረግ ማለት ነው።

ምሳሌው ገደብ እንዳለው አውቃለሁ። ወረዳ ማሽን አይደለም፤ ባለሙያው ይከራከራል፣ ይማራል፣ ቅጹንም አንዳንዴ ሳይሞላ ይተወዋል። ተቋም ውስጥ የተጨመረ ነገር እንደ ኤስኤስዲ በአንድ ትእዛዝ አይነሣም፤ ደመወዝተኛ አለው፣ ተስፋ ያደረገበት ሰው አለው። ይህ ግን ስሌቱን ከመጨመር በፊት መሥራትን የበለጠ ግድ ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም። እኛ በየከተማው የምናቋቁማቸው ትንንሽ ማኅበራት፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ትምህርት ቤት ወይም ከአንድ ጤና ጣቢያ ጋር ለየብቻ ሲጻጻፉ፣ ስምንት ኪሎባይት ብሎኮች ናቸው። እያንዳንዱ ትንሽ ነው፣ ቅንም ነው። ርእሰ መምህሩ ግን ለሁሉም ደብዳቤ መመለስ፣ ፎቶ ማንሣትና ምስጋና መጻፍ አለባቸው። በሪፖርታችን ላይ የእሳቸው ሰዓት አይጻፍም።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ጊዜ ነው። ጭነቱ ዕቃው በገባ ማግሥት ቢታይ ኖሮ ማንም መንሥኤውን ይለየው ነበር። መሸጎጫው ቀስ ብሎ ስለሚሞላ ግን ምስጋናው ቀድሞ ደረሰ፤ ሕመሙ ዘግይቶ መጣና ሌላ ስም ተሰጠው። «የአቅም ማነስ» ተባለ። ያ ስም በልማት ሥራም በጣም የተለመደ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሲዳከም አቅም አንሶታል እንላለን፤ አቅሙን ምን እንደያዘበት፣ ከያዙበትም መካከል የእኛ እርዳታ ይኖር እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። የሰርቨሩን ድምር ብቻ ሳይ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር። ከፋፍዬ ሳየው ነው ማሽኑ ለሰዎቹ የሚተርፍ አቅም እንደ ነበረውና አቅሙን የወሰድኩበት እኔ እንደ ሆንኩ የታወቀኝ።

ሁለተኛው ደብዳቤ

በኅዳር ወር ለቦርዱ ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ነው። የ6,000 ዶላሩን ጥያቄ አነሣሁ። በምትኩ ያለውን ራም በእጥፍ የሚያሳድግ 100 ዶላር ገደማ ጠየቅሁ፤ ከመሸጎጫ መደርደሪያ ይልቅ ጠረጴዛውን ማስፋት ይሻላልና። በመጨረሻው አንቀጽ በመጋቢት የተገዛው ዕቃ ማሽኑን እንዳላገዘው፣ እንዲያውም ለሰባት ወር የደረሰው መስተጓጎል መንሥኤ እሱ እንደ ነበረ፣ ምርጫውም የእኔ እንደ ነበረ ገለጽኩ። ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ሰርዤ ሁለት ጊዜ መልሼ ጻፍኩት። ያለ እሱም ገንዘቡ ይፈቀድ ነበር። ያለ እሱ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ሰው ሌላ ዕቃ ይዞ ሲመጣ ቦርዱ ምን መጠየቅ እንዳለበት አያውቅም ነበር።

በስብሰባው ላይ አንድ አባት «ታዲያ ያ 300 ብራችን?» አሉ፤ እዚህ ዶላሩም ብር ይባላል። ኤስኤስዲው አዲስ የሚቃኙ ፎቶግራፎች ወደ ቋሚ ቦታቸው እስኪዛወሩ የሚያርፉበት ዲስክ እንዲሆን አድርገነዋል፤ እዚያ በደንብ ያገለግላል። ሌላው ጥያቄ ያቆሰለኝ ነበር፤ በእነዚያ ሰባት ወራት ስንት ምሽት ባከነ? እትዬ ደብተሩን ከፍተው «ቆመ፤ ወደ ቤት ሄድን» የሚለውን መስመር ቆጠሩ። ሠላሳ አንድ ነበር። ከእነዚያ ምሽቶች በአንዱ ሊቀረጹ ቀጠሮ የተያዘላቸው አንድ አዛውንት በበጋው ማረፋቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም አላነሣውም።

ቦርዱ አንድ ውሳኔ ወሰነ። ከእንግዲህ ለመዝገብ ቤቱ የሚሰጥ ማናቸውም ዕቃ፣ ገንዘብ ወይም ፕሮግራም ከመግባቱ በፊት ሰጪው ሁለት መስመር ይጽፋል፤ ይህ ነገር በየሳምንቱ የማንን ሰዓት ይወስዳል? ካልጠቀመስ እንዴት ይወጣል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ስለ ራሙ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እትዬ አንብበው በደብተራቸው ላይ ቀኑን መዘገቡና ከሥሩ ባዶ መስመር ተዉ፤ ማሽኑ እንዴት እንደሚውል ይጻፍበታል።